ቆራሌው ከመውሰዱ በፊት፦ የድሮ ቴፕ አድሶ የቤተሰብ ካሴትን ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ

ብዙ ቤት ውስጥ፣ ቁም ሳጥን ላይ ወይም አልጋ ሥር፣ በጨርቅ የተሸፈነ የድሮ ቴፕ አለ። አጠገቡ ደግሞ የጫማ ካርቶን ሙሉ ካሴት። ከካሴቶቹ የሚበዛው ዘፈን ነው፤ ዘፈኑን ዛሬ ሌላ ቦታም ታገኙታላችሁ። የማይገኘው ሌላው ነው፦ የሠርግ ቀረጻ፣ የሽማግሌ ምርቃት፣ ከባሕር ማዶ በሰው እጅ የተላከ የድምፅ ደብዳቤ። ስልክ ውድ በነበረበት ዘመን ስንቱ ቤተሰብ ቴፑን መሐል አስቀምጦ፣ ቀዩን ቁልፍ ተጭኖ፣ በየተራ «እንደምን አለህልኝ ልጄ» እያለ ቀድቶ ልኳል። የእነዚህ ካሴቶች ሌላ ቅጂ የለም።

ይህን መመሪያ የምጽፈው አንድ ካሴት ስላበላሸሁ ነው። ያገለገለ ቴፕ ገዝቼ በመጣሁበት ማታ፣ ሳልከፍተውና ሳልጠርገው የእናቴን የሠርግ ካሴት ከተትኩበት። ሁለት ደቂቃ ያህል ጥሩ ሄደ። ከዚያ ድምፁ ወፈረ፣ ተንጓተተ፣ ቆመ። በሩን ስከፍተው ክሩ ሮለሩ ላይ ደጋግሞ ተጠምጥሟል፤ ቴፑ በልቶታል። በወረንጦ ቀስ ብዬ ፈታሁት፤ ግን ግማሽ ክንድ የሚሆነው ተጨማዶ ቀረ። እዚያ ቦታ ላይ የነበረው የአያቴ ምርቃት ነው። ሕዝቡ «አሜን» ሲል ዛሬም ጥርት ብሎ ይሰማል፤ የአያቴ ድምፅ ግን ውሃ ውስጥ ሆኖ እንደሚናገር ሰው ነው።

ስለዚህ ከታች ያለው ቅደም ተከተል ሁሉ የተሠራው ካሴቱን ለማዳን ነው። ቴፕ ቢበላሽ ሌላ ይገዛል። ማሽኑ ተከፍቶ፣ ተጠርጎ፣ በማያሳዝን ካሴት ተፈትኖ እስኪያልፍ ድረስ ዋናው ካሴት ከካርቶኑ አይውጣ።

1. ቴፕ መምረጥ

ቤት ውስጥ ያለው ቴፕ መጀመሪያ ይሞከር፤ ከሌለ ግን አዲስ አበባ ላይ ላላችሁ መርካቶ ምናለሽ ተራ መዞር ያዋጣል። የድሮ ናሽናል ፓናሶኒክ፣ ሶኒ፣ ሳንዮ፣ ሻርፕ አሁንም ብቅ ይላል። በየሰፈሩ «ቆራሌው» እያለ የሚዞረው ልጅም ብትጠይቁት ያመጣላችኋል፤ በኪሎ ከመሸጡ በፊት መድረስ ነው።

ሲገዙ የውጭ ውበት አይታይ። በሩን ከፍታችሁ ውስጡን እዩ። መሐል ላይ የሚያብረቀርቀው ትንሽ ብረት ድምፁን ከክሩ ላይ የሚያነበው ሄድ ነው። ፊቱ ለስላሳ ከሆነ ደህና ነው፤ ጥፍራችሁን ስታሳልፉበት የሚይዝ ቦይ ካለው ብዙ ሠርቷል፣ ተበልቷል። ከሄዱ ጎን ያለው የላስቲክ ሮለር የተሰነጠቀ ወይም እንደ ድንጋይ የጠነከረ ከሆነ ተዉት። ቴፑ ባይሠራም ግን አትፍሩ፤ «አይሠራም» ተብሎ በርካሽ ከሚሸጠው ብዙው የተበላሸው ላስቲኩ ብቻ ነው።

ምርጫ ካላችሁ በትልልቅ ስፒከር ከተሞላው ራዲዮ ቴፕ ይልቅ ከማጉያ ጋር የሚገናኘውን ጠፍጣፋ የካሴት ዴክ እመርጣለሁ፤ ክሩን በእኩል ፍጥነት የሚስብበት አካሉ የተሻለ ነው። አዲስ የሚሸጡት፣ በዩኤስቢ ኮምፒውተር ላይ የሚሰኩት ቀላል የፕላስቲክ ካሴት ማጫወቻዎች ምቹ ይመስላሉ። ውስጣቸው ግን ደካማ ነው፣ ድምፁ ይዋልላል። ለዘፈን ካሴት ሊያገለግሉ ይችላሉ፤ ለአያታችሁ ድምፅ አይሁኑ።

2. መብራት ከመሰካታችሁ በፊት

የኋላውን ጽሑፍ አንብቡ። ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ ለ120 ቮልት የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ እኛ ሶኬት ላይ ያለው 220 ነው። እንዲሁ ከተሰካ ውስጡ ያለው ትራንስፎርመር ይቃጠላል። አንዳንዱ ከኋላው በካቻቢቴ የሚዞር የቮልት መምረጫ አለው፤ 220 ወይም 240 ላይ መሆኑን አረጋግጡ። ከሌለው ቮልት ቀናሽ ያስፈልጋል።

የባትሪ ሣጥኑንም ክፈቱ። የባትሪ ድንጋይ ውስጡ ተረስቶ ከፈሰሰ ሽቦዎቹ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ቅርፊት ታገኛላችሁ። በእንጨት ስንጥር ፈቅፍቁት። የፈሰሰው አልካላይን ባትሪ ከሆነ ጥጥ ላይ ጥቂት ሎሚ ወይም ኮምጣጤ፣ ተራው የዚንክ ባትሪ ከሆነ ደግሞ በውሃ የራሰ ቤኪንግ ሶዳ ቅሪቱን ያረክሰዋል። ከዚያ በእርጥብ ጨርቅ ጠርጉና አድርቁ፤ ብረቱ እስኪያበራ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ፈትጉ።

ቴፑ በባትሪ የሚሠራ ከሆነ ደስ ይበላችሁ። ለመፈተኛም ከአደጋ የራቀ ነው፤ በኋላ ስንቀዳም ይጠቅመናል፤ ምክንያቱን እመጣበታለሁ።

3. መክፈትና ላስቲክ መቀየር

ፊሹን ንቀሉ፣ ባትሪውን አውጡ። ነቅላችሁም ቢሆን የመብራት ገመዱ የሚገባበትን ትራንስፎርመርና አጠገቡ ያሉትን ትልልቅ ኮንደንሰሮች በእጅ አትንኩ።

ነጭ ወረቀት ላይ የቴፑን ጀርባ በእጃችሁ ሣሉ፤ የፈታችሁትን እያንዳንዱን ብሎን በወጣበት ቦታ ልክ ሥዕሉ ላይ አስቀምጡ። ርዝመታቸው ይለያያል፤ ረጅሙን አጭሩ ቦታ ብትከቱት ሰሌዳውን ሊበሳ ይችላል። አንድ ነገር ከመፍታታችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሱ። የድሮ ፕላስቲክ ደርቋልና አትታገሉት፤ አልላቀቅ ካለ ያላያችሁት ብሎን አለ፣ ብዙ ጊዜ ባትሪ ሣጥኑ ውስጥ ወይም እጀታው ሥር።

ውስጥ ስትገቡ ዲናሞው፣ ከእሱ ፈንጠር ብሎ ከበድ ያለ የብረት መዘውር፣ ሁለቱን የሚያገናኝ ቀጭን ላስቲክ ታያላችሁ፤ ወፍጮ ቤት ቺንጋ የሚባለው ነገር ትንሹ ወንድም ነው። ከ30 እና 40 ዓመት በኋላ ይህ ላስቲክ ከሁለት አንዱን ይሆናል፦ ይላላል፣ ወይም ይቀልጣል። የቀለጠው እንደ ሬንጅ ጥቁርና የሚያጣብቅ ነው፤ ልብስ ከነካ አይለቅም፣ ስለዚህ ጓንት አድርጉ። በአልኮል በራሰ ጥጥ ደጋግማችሁ፣ መዘውሩ ቦይ ውስጥ ቅንጣት እስከማይቀር ጥረጉ። ቅንጣት ከቀረ አዲሱ ላስቲክ በዞረ ቁጥር ይዘልበታል፤ ድምፁም አብሮ ይዘላል።

አዲስ ላስቲክ ለመለካት ስፌት ክር ውሰዱና አሮጌው ይሄድበት በነበረው መንገድ ዙሪያውን ጠቅልሉት፤ ክሩን ዘርግታችሁ በማስመሪያ ለኩ። የምትፈልጉት ከዚያ ከ5 እስከ 10 በመቶ ያጠረውን ነው። በጣም ከጠበቀ ዲናሞው ይጨነቃል፣ ከላላም ይንሸራተታል። በተለያየ መጠን የተደባለቀ የቴፕ ላስቲክ በጥቅል ይሸጣል፤ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ክብደት የለውምና አስመጡ። ብር የሚታሰርበትን ላስቲክ ግን አትሞክሩ። ውፍረቱ እኩል ስላልሆነ ዘፋኙ እየተንቀጠቀጠ እንደሚዘፍን ያደርገዋል፤ በጥቂት ሳምንትም ይበጠሳል።

4. ጽዳቱ

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። የምትፈልጉት ንጹሕ አይሶፕሮፒል አልኮል ነው፤ 90 በመቶና ከዚያ በላይ ቢሆን ጥሩ። መድኃኒት ቤት የሚገኘው 70 በመቶ አልኮል ለብረቱ ክፍል ይሠራል፣ ግን ውሃ ስላለው እስኪደርቅ ረዘም ያለ ጊዜ ስጡት። በኮሮና ጊዜ ተገዝቶ የተረፈውን ሳኒታይዘር አትጠቀሙ፤ እጅ እንዳይደርቅ ግሊሰሪን ስለሚጨመርበት ሄዱ ላይ ቅባት ይተዋል።

በሩን ክፈቱ፣ መብራቱ እንደጠፋ ማጫወቻውን ቁልፍ ተጫኑ፤ ሄዱ ወደ ፊት ይወጣል። የጆሮ ማጽጃ ጥጥ አልኮል አስነክታችሁ የሄዱን ፊት ወደ ጎን ጥረጉ። ጥጡ ቡናማ ሆኖ ይወጣል። ያ ቡናማ ነገር ተራ አቧራ እንዳይመስላችሁ፤ ካሴቶች በዚያ ባለፉ ቁጥር የተዉት የብረት ኦክሳይድ ዱቄት ነው፣ በሌላ አነጋገር ዝገት። የካሴት ድምፅ የሚቀመጠው በፕላስቲክ ክር ላይ በተለበጠ እንዲህ ባለ ዱቄት ውስጥ ነው። ሄዱ ላይ ያለው ማንበቢያ ስንጥቅ በዓይን ከሚታየው በላይ ቀጭን ስለሆነ ትንሽ ቆሻሻ ክሩን ከሄዱ ካራቀው መጀመሪያ የሚጠፋው ቀጭኑ ድምፅ ነው። «ቴፑ ታፍኗል» የሚባለው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ጥጡን እየቀየራችሁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ቀጥሉ። እኔ በዚያ ቴፕ ላይ አሥራ አንድ ጥጥ ጨርሻለሁ።

ቀጥሎ ከሄዱ ጎን ያለችው ቀጭን የብረት ዘንግ። ክሩን የምትስበው እሷ ናት፤ ሮለሩ ክሩን እላይዋ ላይ ይጫነዋል፣ ዘንጓም እየዞረች ታስኬደዋለች። ዘንጓ ላይ ጥቁር ቀለበት ሠርቶ የተጋገረ ቆሻሻ ካለ ክሩ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይሸሻል፣ ጠርዙ ይታጠፋል። እየዞረች በአልኮል ጥረጓት፤ ካስፈለገ በጥርስ መፈቅፈቂያ እንጨት፤ በብረት ግን በጭራሽ።

ሮለሩ ላስቲክ ስለሆነ አልኮል ሲደጋገምበት ያደርቀዋል። ለእሱ ትንሽ የሳሙና ውሃ ያስነካችሁትን ጥጥ ተጠቀሙ፣ በእጅ እያዞራችሁ ጠርጉ፣ በንጹሕ እርጥብ ጥጥ ድገሙ፣ አድርቁት። ሲያልቅ የሚያንጸባርቀው ፊቱ ጠፍቶ ደብዘዝ ያለ ጥቁር መሆን አለበት።

ድምፅ ማስተካከያውን ስታዞሩት የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ኮንታክት ክሊነር የሚባለውን ስፕሬይ ውስጡ አንድ ጊዜ ነፍታችሁ ከዳር እስከ ዳር ሠላሳ ጊዜ ያህል አዙሩት። ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ቦታ አለ፤ ሰሌዳው ላይ ቀዩ ቁልፍ የሚገፋው ረጅም የመቅጃ ማብሪያ ማጥፊያ። ውስጡ ሲዝግ ቴፑ ያፏጫል፣ ወይም በአንድ ጎን ብቻ ይጫወታል። እሱንም ነፍታችሁ የማያሳዝን ካሴት ከትታችሁ ቀዩን ቁልፍ ደጋግማችሁ ተጫኑ።

5. ፈተናው

ካሴት ሳትከቱ ማጫወቻውን ተጫኑ። ሁለት ጥርሳም እንዝርቶች ታያላችሁ፤ ካሴቱን ስታዩት በቀኝ ያለው ክሩን የሚሰበስበው ነው። በጣታችሁ ቀለል አድርጋችሁ ያዙት። መጠነኛ ጉልበት ማሳየት አለበት፤ ስትለቁት ወዲያው መዞር መቀጠል አለበት።

ይህች ትንሽ ፈተና የእናቴን ካሴት ታድነው ነበር። ዘንጓና ሮለሩ ክሩን በሰከንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ይገፋሉ፤ ፊሊፕስ ካሴትን እ.ኤ.አ. በ1963 ካወጣ ጀምሮ የትም አገር ያለ ካሴት በዚህ ፍጥነት ነው የሚሄደው። የሚሰበስበው እንዝርት ደክሞ ከቆመ እነሱ አያውቁም፤ መግፋታቸውን ይቀጥላሉ። በአሥር ሰከንድ ውስጥ ግማሽ ሜትር ገደማ ክር መሰብሰቢያ አጥቶ ውስጥ ይከመራል፣ ከዚያ ሮለሩ ላይ ይጠመጠማል። «ካሴት መብላት» የሚባለው ይኼው ነው። እንዝርቱ ከደከመ ወደ ላስቲኮቹ ተመለሱ፤ ሁለተኛ ትንሽ ላስቲክ ወይም በመሐል የምትነዳው ትንሽ የጎማ ጎማ አለች፣ ፊቷ አንጸባርቆ ሊሆን ይችላል።

እንዝርቱ ደህና ከሆነ የማያሳዝን ካሴት ክተቱ። 60 የሚል የተጻፈበት ቢሆን ይሻላል። ሁለቱንም ፊት እስከ መጨረሻው አጫውቱ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ አሽከርክሩ፣ በየመሐሉ አቁሙ። ሲወጣ ክሩ ጠርዙ ያልታጠፈ፣ ያልተቆነጠጠ መሆኑን ብርሃን ላይ እዩ። አንድ ካሴት ሙሉ ካለፈ ሁለተኛ ድገሙ። ከዚያ በፊት ዋናውን ካሴት አልሰጠውም።

6. ካሴቱን ማዘጋጀት

መጀመሪያ የምትሠሩት ነገር ቢኖር በካሴቱ ጀርባ ጠርዝ ላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች መስበር ነው። ጥርሱ የሌለበት ካሴት ላይ ቀዩ ቁልፍ አይጫንም። አንድ ቀን ልጅ ቢነካው እንኳ ድምፁ አይጠፋም።

በመስኮቱ በኩል ክሩን ተመልከቱ። ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ከጠርዙ ላይ ካያችሁ ሻጋታ ነው፤ በክረምት እርጥበት በሚይዘው ዕቃ ቤት ውስጥ የከረመ ካሴት ላይ የተለመደ ነው። ያንን ካሴት አታጫውቱት። ሄዱን ያበላሻል፣ በዚያው ሄድ የሚያልፉትን ሌሎች ካሴቶችም ይበክላል። ለብቻው በላስቲክ ከረጢት አስቀምጡትና ሌሎቹን ቅድሚያ ስጡ።

ክሩ ከላላ በቢክ እስክሪብቶ ማዞር ነው፤ ይህን ማስረዳት የሚያስፈልገው ሰው ካለ ዕድሜው ከሃያ አምስት በታች ነው። ቢክ የሚመቸው ስድስት ጎኑ ከካሴቱ ጥርሶች ጋር ስለሚገጥም ነው።

ከዚያ ካሴቱን ገልብጣችሁ ክሩ በሚታይበት አፉ መሐል ያለችውን ትንሽ ጨርቅ እዩ። በቀጭን የመዳብ ምላስ ላይ ተለጥፋ ክሩን ወደ ሄዱ የምትጫን ትራስ ናት። በድሮ ካሴት ሙጫዋ ይደርቃልና ትወድቃለች፤ ያኔ ድምፁ ከሩቅ የሚመጣ፣ እየሄደ እየመጣ የሚሰማ ይሆናል። ከማያስፈልግ ካሴት ከነምላሷ አውጥታችሁ መተካት ትችላላችሁ። ያው የራሷ ትራስ ካልጠፋች ጫማ ሰፊ የሚጠቀምበትን ማስቲሽ በመርፌ ጫፍ ልክ አስነክታችሁ መልሷት፤ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ክሩ አጠገቧ አይድረስ።

ክሩ ተበጥሶ ከሆነ ተስፋ አትቁረጡ። ባለ ብሎን ካሴት አምስቱን ብሎን ፈትታችሁ እንደ መጽሐፍ ጠፍጣፋ አድርጋችሁ ክፈቱት። ብሎን የሌለው፣ የተጣበቀው ዓይነት ከሆነ ጠርዙን በቀጭን ምላጭ ቀስ ብላችሁ ሰንጥቃችሁ ጥቅሎቹን ወደ ሌላ ባለ ብሎን ቤት ታዛውራላችሁ። ሁለቱን ጫፎች ደርባችሁ በአንድ ምላጭ ሰያፍ ቁረጡ፤ ያኔ በትክክል ይገጥማሉ። የሚጣበቀው ለዚሁ ተብሎ በተሠራ፣ ከክሩ ባልሰፋ ማጣበቂያ ነው፤ ክሩ ራሱ ከ4 ሚሊ ሜትር ያነሰ ወርድ ነው ያለው። ተራውን የወረቀት ፕላስተር አትጠቀሙ፤ ሙጫው ከጊዜ በኋላ ይፈስና ቀጥሎ ያለውን ዙር ያጣብቀዋል። የምትለጥፉት ወደ ውስጥ በሚዞረው ፊት ላይ ብቻ ነው። ወደ ውጭ፣ ወደ ሄዱ የሚዞረው ፊት ድምፁ ያለበት ነው፤ በጣትም አይነካ።

120 የሚል የተጻፈበት ካሴት ካላችሁ ከሁሉም በላይ ተጠንቀቁለት። ሁለት ሰዓት ክር በዚያች ትንሽ ቤት ውስጥ የገባው ክሩ እጅግ ቀጭን ስለተደረገ ነው፤ በቀላሉ ይለጠጣል፣ በቀላሉም ይበላል። በፍጥነት ማሽከርከሩን ትታችሁ አጫውታችሁ ብቻ አስጨርሱት።

7. ሄዱን ከካሴቱ ጋር ማስማማት

ይህችን ደረጃ ብዙ መመሪያዎች ይዘሏታል። ለእኔ ግን ትልቁን ለውጥ ያየሁባት እሷ ናት።

ሄዱ በሁለት ትንንሽ ብሎኖች ተይዟል። አንደኛው ሥር ስፕሪንግ አለ፤ እሱ ሲዞር ሄዱ በጥቂቱ ያዘነብላል። ብዙ ቴፕ ላይ ማጫወቻው ሲጫን ይህች ብሎን በበሩ ላይ ባለች ትንሽ ቀዳዳ ትይዩ ትመጣለች። ካሴቱ የተቀዳበት ቴፕ ሄዱ ዘንበል ያለ ከነበረ የእናንተም በዚያው ልክ ካላዘነበለ ቀጭኑ ድምፅ ይጠፋል። የቤተሰብ ካሴት ደግሞ የተቀዳው በአጎት ቴፕ፣ በጎረቤት ቴፕ፣ በካርቱም ገበያ በተገዛ ቴፕ ነው፤ ሁሉም የየራሱ ዝንባሌ አለው።

መጀመሪያ ብሎኗ የቆመችበትን ቦታ በጥቁር እስክሪብቶ ምልክት አድርጉ፣ ፎቶም አንሱ። ካሴቱን እያጫወታችሁ፣ ድምፁን ወደ ሞኖ (የግራና የቀኙ ድምፅ ወደ አንድ ወደ ተቀላቀለበት) ቀይራችሁ፣ ብሎኗን በጣም በዝግታ፣ የሰዓት ደቂቃ ቆጣሪ በአንድ ደቂቃ የሚሄደውን ያህል እያንቀሳቀሳችሁ «ሰ»፣ «ሸ» እና «ጸ» የሚሉ ድምፆችን አዳምጡ። ትክክለኛው ቦታ ላይ ስትደርሱ «እንደምን ሰነበታችሁ» ያለው ሰው መጋረጃ ከፊቱ የተነሣለት ያህል ቀረብ ይላል። ካለፋችሁት ተመልሶ ይደበዝዛል። ካቻቢቴው ማግኔት የሌለው ይሁን። እያንዳንዱ የተለየ ካሴት ሲገባ ይኼ ይደገማል፤ ሥራው ሲያልቅ በታተመ ጥሩ የዘፈን ካሴት ወደ ቦታዋ መልሷት።

8. ወደ ኮምፒውተር መቅዳት

ዴክ ከሆነ ከኋላው ካለው «ላይን አውት» ቀዳዳ፣ ራዲዮ ቴፕ ከሆነ ከጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ ኬብል ይወጣል። የጆሮ ማዳመጫውን የምትጠቀሙ ከሆነ ድምፁን ከሲሶ አታሳልፉት። የላፕቶፑ ብቸኛ ቀዳዳ ብዙ ጊዜ ለማይክ የተሠራ ስለሆነ ድምፁን ያንኮሻኩሸዋል፣ ሞኖም ያደርገዋል። «ላይን ኢን» ያለው ርካሽ የዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ ግዙ።

ፕሮግራሙ ኦዳሲቲ ይበቃል፤ ነፃ ነው። 48,000 ኸርዝ፣ 24 ቢት፣ በዌቭ ፋይል ቅዱ። አንድ ሰዓት ስቴሪዮ ወደ 1 ጊጋ ባይት ይወስዳል፤ ቦታ አይሳሳ። ኤምፒስሪ በኋላ ለመላክ ይሠራል እንጂ ለመጀመሪያው ቅጂ አይሆንም። ከፍተኛው ድምፅ ከ−6 ዴሲቤል በላይ እንዳይወጣ አድርጉ፤ በሠርግ ካሴት ላይ እልልታው ከንግግሩ በጣም ስለሚጮኽ የምትለኩት በእልልታው ነው። ዴኩ ላይ «ዶልቢ» የሚል የሽሽታ መቀነሻ ቁልፍ ካለ አጥፉት፤ ካሴቱ በዶልቢ ስለመቀዳቱ ላዩ ላይ ካልተጻፈ በቀር ድምፁን ያፍነዋል።

በንግግር ካሴት ላይ «ሽሽሽ» የሚለውን ለማጥፋት አትቸኩሉ። ያልተነካው ፋይል ለብቻው ይቀመጥ፤ የምታጸዱት ሌላ ቅጂ ላይ ይሁን። በጣም ሲጸዳ የሰው ድምፅ እንደ ቆርቆሮ ይሆናል፤ ከበስተኋላ የነበረው ዶሮም፣ ዝናቡም፣ የቡና ስኒውም አብሮ ይሄዳል።

9. ፍጥነቱ ትክክል ነው ወይ?

ድምፁ የቀጠነ ወይም የወፈረ ከመሰላችሁ ቴፑ ወይም ካሴቱ የተቀዳበት መሣሪያ ፍጥነቱን ስቷል። ዲናሞው ጀርባ ላይ በትንሽ ካቻቢቴ የሚነካ ቀዳዳ አለ፤ ፍጥነቱን ያስተካክላል። ግን በምን ለክቶ? ለዚህ 3,150 ኸርዝ ድምፅ የተቀዳበት የመለኪያ ካሴት ይሸጣል። እሱ ከሌለ የሚከተለውን ሞክሩ።

ካሴቱ የተቀዳው ቴፑ መብራት ላይ ተሰክቶ ከሆነ ከንግግሩ ሥር ቀጭን «ምምም» የሚል የመብራት ጉምጉምታ አብሮ ተቀድቷል። የኢትዮጵያ መብራት 50 ኸርዝ ነው፣ የአሜሪካ 60። ኦዳሲቲ ላይ ሰው የማይናገርበትን ቦታ መርጣችሁ የድምፅ ስፔክትረሙን፣ ማለትም በየስንት ኸርዙ ምን ያህል ድምፅ እንዳለ የሚያሳየውን ሥዕል፣ ክፈቱ፤ 50 ወይም 100 ኸርዝ አካባቢ ሹል ጫፍ ታያላችሁ። ጫፉ 50 መሆን ሲገባው 52 ላይ ከሆነ ካሴቱ 4 በመቶ እየፈጠነ ነው ማለት ነው፤ ፕሮግራሙ ውስጥ ያንኑ ያህል ዝቅ አድርጉት። በባትሪ የሚሠራ ቴፕ ይጠቅመናል ያልኩት ለዚህ ነው። ማጫወቻችሁ ራሱ መብራት ላይ ከተሰካ የራሱን 50 ኸርዝ ይጨምርና የትኛው የማን እንደሆነ መለየት ያስቸግራል።

በባትሪ የተቀዳ የድምፅ ደብዳቤ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ይገጥማችኋል። እኛ ቤት ባለው አንዱ ካሴት አክስቴ በራሷ ድምፅ ትጀምራለች፤ ወደ መጨረሻው ስትደርስ ድምፅዋ እየቀጠነና እየፈጠነ ሄዶ ስትሰናበት የስምንት ዓመት ልጅ ትመስላለች። መጀመሪያ ቴፔ የተበላሸ መስሎኝ ነበር። የደከመው ግን በዚያን ጊዜ ቴፑ ውስጥ የነበረው የባትሪ ድንጋይ ነው፦ ባትሪው ሲደክም መቅጃው ዘገመ፤ ዘግሞ የተቀዳው በትክክለኛ ፍጥነት ሲጫወት ይፈጥናል። ኦዳሲቲ ውስጥ ፍጥነትን ከመነሻ እስከ መድረሻ ቀስ በቀስ የሚቀይር ሥራ አለ፤ የመጀመሪያውን 0፣ የመጨረሻውን ከ8 እስከ 15 በመቶ ዝቅ እያደረጋችሁ በጆሮ ሞክሩ። አክስቴ በ11 በመቶ ተመለሰች።

10. ማስቀመጥ

የፋይሉ ስም ላይ ዓመቱን፣ ቦታውን፣ የካሴቱን ፊት ጻፉ፤ ለምሳሌ «1974 ደሴ ሠርግ ፊት ሀ»። የካሴቱን ላይና ታች ፎቶ አንስታችሁ አብሮ ይቀመጥ፤ በእስክሪብቶ የተጻፈው እጅ ጽሑፍ ራሱ የአንድ ሰው ነው። አንድ ቅጂ ኮምፒውተር ላይ፣ አንድ ከኮምፒውተሩ በማይነካካ ሃርድ ዲስክ ላይ፣ አንድ ሌላ ከተማ ባለ ዘመድ ዘንድ። በቴሌግራም ስትልኩ በፋይልነት ላኩት እንጂ ስልክ ከስፒከሩ ፊት ደቅናችሁ በድምፅ መልእክት አትቅዱት።

ካሴቱን አትጣሉ። ወደ አንድ ጫፍ ሙሉ በሙሉ ተጠቅልሎ፣ በሣጥኑ ውስጥ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ከስፒከርና ከግድግዳ እርጥበት ርቆ ይቀመጥ።

አንድ የቀረ ሥራ አለ፣ እሱ ደግሞ ቶሎ መሠራት ያለበት ነው። ፋይሉን ይዛችሁ ትልልቆቹ ዘንድ ሂዱ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ፣ አጫውቱላቸው። «ይኼ ማን ነው?» በሉ። ደቂቃውን ከፊት፣ ስሙን ከኋላ ጻፉ። እኔ በዚያ የሠርግ ካሴት 14 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ላይ የሚያቅራራውን ሰው አላውቀውም ነበር፤ እናቴም ትጠራጠራለች። ሰፈራችን ያሉት እትዬ ግን ሁለት ስንኝ ሳይሞላ ከነአባቱ ስም ነገሩን፣ የማን ሚዜ እንደነበረም ጨመሩ፣ ከዚያ እንደገና እንዳጫውተው ጠየቁኝ።